ከኋላዬ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ሲገጥመኝ ምን ላድርግ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር አካባቢዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት የመንገድ ላይ ጠብን የሚመለከቱ ናቸው። ርቀት ሳይጠብቁ ከኋላ ተጠግቶ መንዳት፣ በጡሩንባ ማጣደፍ፣ በረጅም መብራት ዓይን መያዝ፣ ከመኪና ወርዶ መሰዳደብ፤ ጸሐፊዎቹ ያዩትን የነገሩን በምሬት ነው፣ ምሬታቸውም ተገቢ ነው። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ አምስቱን መርጠን፣ ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ስም ሳንጠቅስ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቤቴ ዓባይ ማዶ፣ ሥራዬ መሀል ከተማ በመሆኑ ጧትና ማታ አዲሱን ድልድይ እሻገራለሁ። በተለይ ማታ ስመለስ ከኋላዬ የሚመጡ አሽከርካሪዎች ፓራውልቴን ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ እየተጠጉ ጡሩንባ ይነፉብኛል፣ ረጅም መብራት ያበሩብኛል። ሴት መሆኔን ካዩ ደግሞ እያለፉኝ በመስኮት የሚናገሩት ለመጻፍ የሚያሳፍር ነው። ባለቤቴ ‹ፍሬን ነካ አድርጊበት፣ ያን ጊዜ ራሱ ይርቃል› ይለኛል። ይህ ትክክል ነው? ብንጋጭስ ጥፋተኛው ማን ይሆናል?» (ከዓባይ ማዶ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድመን በባለቤትዎ ምክር እንዳይሠሩበት እንለምንዎታለን። ምክሩ ከቅን ልብ እንደመጣ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን የሚያስከትለውን አደጋ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ አሽከርካሪ ከፊቱ ያለው መኪና የፍሬን መብራት ሲበራ አይቶ፣ የሆነውን ተረድቶ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ የደከመ ወይም ስልኩን የሚያይ ሰው ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች አንዲት ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ በ60 የሚሄደው ደግሞ ወደ 17 ሜትር ይጠጋል። እርስዎ ፍሬን በኃይል ሲይዙ ከኋላዎ በሦስት ወይም በአራት ሜትር የሚከተልዎ ሰው የእርሱ እግር ገና ፍሬኑ ላይ ሳያርፍ በመካከላችሁ ያለው ክፍተት ያልቃል። ለእርሱ የታሰበው ትምህርት የሚያርፈው በእርስዎ አንገት ላይና በኋላ ወንበር በተቀመጠው ልጅ ላይ ነው።

ፍጥነት መጨመርም መፍትሔ አይሆንም። ብዙ አዳዲስ አሽከርካሪዎች ሲጣደፉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ተጠግቶ የሚነዳው ሰው ግን ያንኑ ርቀት ይዞ ይከተላቸዋል፣ ልዩነቱ አሁን ሁለቱም ቀድሞ ከነበሩበት በበለጠ ፍጥነት መሄዳቸው ብቻ ነው። የማቆሚያ ርቀት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ጎማ በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ9 ሜትር ያህል ሲቆም፣ በ60 የሚሄደው ወደ 20 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ፣ ርቀቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። መንገዱ በክረምት ዝናብ ከረጠበ ይህ ሁሉ እጅግ ይረዝማል፤ በተለይ ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና አስፋልት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት አቅልጦ መንገዱን ስለሚያሙለጨልጨው ለብዙ ግጭት ምክንያት ይሆናል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ከኋላዎ ያለውን ርቀት የሚወስነው ተከታይዎ ነው፤ ከፊትዎ ያለውን ርቀት ግን የሚወስኑት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ የሚያድንዎትም እርሱ ነው። ከኋላዎ ሰው ሲጠጋ እግርዎን ከነዳጁ ላይ በዝግታ እያላሉ ከፊትዎ ካለው መኪና ራቅ ይበሉ። ከፊት ሰፊ ቦታ ካለዎት አንዳች ነገር ድንገት ቢያጋጥምዎ ፍሬን በኃይል ለመርገጥ አይገደዱም፣ ቀስ ብለው ያቆማሉ፣ ከኋላ ያለውም ለማቆም ጊዜ ያገኛል። በሌላ አነጋገር፣ እርሱ ሳይጠብቅ የተወውን ርቀት እርስዎ ከፊትዎ በማስፋት ይተኩለታል ማለት ነው። ርቀቱን ለመለካት ሜትር መገመት አያስፈልግም። ከፊትዎ ያለው መኪና አንድ የመብራት ምሰሶ ወይም በመንገዱ ዳር ካሉት ዘንባባዎች አንዱን ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብለው ሳይቸኩሉ ይቁጠሩ። ቆጥረው ሳይጨርሱ እርስዎም እዚያው ዘንባባ ላይ ከደረሱ ተጠግተዋል። ሁለት ሰከንድ በደረቅ መንገድ ዝቅተኛው ነው፤ በዝናብ፣ በጨለማ፣ ወይም አሁን እንደነገሩን ከኋላ የሚገፋ ሰው ባለ ጊዜ እስከ አራት ያድርሱት።

ድልድዩን በሚመለከት ለጥድፊያ የሚሆን ምክንያት ፈጽሞ አናይም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው፣ በአንድ ጊዜ ስድስት ተሽከርካሪዎችን በግራና በቀኝ የሚያስተናግድ ነው። የቀኙን መስመር ይዘው ይሂዱ፤ የሚቸኩል ሰው የሚያልፍበት መስመር በግራው አለ። ደግሞም ያንን ድልድይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሻገር ሰው 34 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ በ60 የሚሻገረው ወደ 23 ሰከንድ። ከኋላዎ ሆኖ መብራት የሚያበራብዎ ሰው እርስዎን አስደንግጦ የሚያተርፈው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው።

የረጅም መብራቱን ነገር በቀላሉ ማቃለል ይቻላል። በአብዛኞቹ መኪኖች የውስጠኛው መስታወት ሥር አንዲት ትንሽ ምላስ አለች፤ እርሷን ሲገፉ ወይም ሲጎትቱ መስታወቱ ያዘነብልና የኋለኛው መብራት ዓይንዎን መውጋቱን ያቆማል። መስመር መቀየር በማይቻልበት ጠባብ መንገድ ላይ ከሆኑ ደግሞ የቀኝ ፍሬቻ አብርተው፣ ዳሩ አስተማማኝ በሆነበት ቦታ ጠጋ ብለው ያሳልፉት። ይህን ማድረግ መሸነፍ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን መኪናውን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ በግልጽ የሚያሳይ ተግባር ነው ብለን እናምናለን፣ ምክንያቱም ቆም ለማለት የወሰኑት እርስዎ ነዎት።

ጥፋተኛው ማን ይሆናል ላሉት፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ና እርሱን ተከትለው የመጡት ድንጋጌዎች አሽከርካሪው ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ በቂ ርቀት ጠብቆ እንዲነዳ ያስገድዳሉ፤ ርቀት አለመጠበቅ በራሱ፣ ግጭት ባይደርስም፣ ጥፋት ነው። ስለዚህ ከኋላ የገጨ ሰው በአብዛኛው ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። በአብዛኛው ማለት ግን ሁልጊዜ ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 እንደሚደነግገው ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠራል፣ ኪሣራውንም እኩል ይካፈላሉ፤ ይህ ግምት የሚቀረው አደጋው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። እርስዎ ያለ በቂ ምክንያት፣ ሊያስደነግጡት ብለው ፍሬን መያዝዎን ምስክር ወይም ካሜራ ካረጋገጠ ተበዳይ የነበሩት እርስዎ የጥፋቱ ተካፋይ ይሆናሉ። መድን ሰጪውም ቢሆን መድን የገባው ሰው ሆን ብሎ ያደረሰውን ጉዳት እንዲከፍል አይገደድም። የባለቤትዎ ምክር በሕግም በኩል የሚጎዳው እርስዎን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ስድቡም ዝም ብለን አናልፍም። ስድብ በወንጀል ሕጋችን በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ተግባር ነው፣ መንገድ ላይ መነገሩም አያቀለውም። ታርጋውን በሚያሽከረክሩበት ጊዜ ለመመዝገብ አይሞክሩ፤ አብሮዎት ሰው ካለ እርሱ ይያዝልዎ፣ ከሌለም ቆመው ይጻፉት። ሰው እየተከተለዎት እንደሆነ ከጠረጠሩ በሩን ቆልፈው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ወደ ቤትዎ ሳይሆን ሰው ወደሚበዛበትና ብርሃን ወዳለበት ቦታ ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይንዱ፤ ቤትዎን አያሳዩት። መንዳት የጀመረችን ሴት እያስደነገጡ ከመንገድ ለማራቅ የሚሞክሩ ወንዶች የሚያደርጉት ነገር ነውር መሆኑን በዚህ አጋጣሚ በግልጽ ልንጽፈው እንወዳለን።

ጥያቄ፦ «በከተማችን አደባባዮች ላይ ቅድሚያ ያለው ማን ነው? የምናየው ትልቅ መኪና የያዘ ቀድሞ ሲገባ ነው።» (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ቅድሚያ ያለው አስቀድሞ አደባባዩ ውስጥ የገባው ተሽከርካሪ ነው፤ ሊገባ የደረሰው በግራው የሚመጣውን አሳልፎ ይገባል። ባጃጅም ይሁን ከባድ መኪና መጠኑ ለውጥ አያመጣም። ከአደባባዩ ሲወጡ የቀኝ ፍሬቻ ማሳየትን አይርሱ፤ የሚጠብቀው ሰው የእርስዎን አቅጣጫ የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «እኔ የባጃጅ አሽከርካሪ ነኝ። ጠዋት የዩኒቨርሲቲውን የፔዳና የፖሊ ግቢዎች ተማሪዎች አመላልሳለሁ። የቤት መኪና የያዙ ሰዎች እኛን እንደ ሰው አይቆጥሩንም፤ ጡሩንባ እየነፉ ከኋላ ይገፉናል፣ ወደ ዳር ስንወጣ ብስክሌተኞች አሉ፣ መሀል ስንገባ ይሰድቡናል። ባጃጅ የት ይሂድ? ጥፋቱ ሁሉ የእኛ ነው?» (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ አይደለም፤ ለእናንተ የምንለው ከመኖሩ በፊትም ለባለ መኪኖች የምንለው አለ።

ባሕር ዳር የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት። መንገዱን የሚሞሉት እነርሱ ናቸው፣ ሕዝቡም የሚንቀሳቀሰው በእነርሱ ነው፤ አውቶሞቢል የያዘ ሰው ወደዚህ ከተማ መንገድ ሲወጣ ከእነርሱ ጋር ሊጋራው ነው የሚወጣው። ባጃጅ ሦስት እግር ያላት ቀላል ተሽከርካሪ በመሆኗ ከኋላ ስትነካ በቀላሉ ትገለበጣለች። በኋላ ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪ ጀርባውን የሚሸፍንለት ስስ ቆርቆሮና ሸራ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሁለት አውቶሞቢሎች ሲጋጩ ፓራውልት የሚያጥፍ ግጭት ባጃጅ ላይ ሲደርስ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ከባጃጅ ጀርባ የሚነዳ ሰው ሁለት ሰከንድ ሳይሆን ሦስት ሰከንድ ይራቅ፤ ብስክሌተኛን ሲያልፍም ከጎኑ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይተውለት፣ ያን ያህል ቦታ ከሌለ ቦታ እስኪገኝ ከኋላው ይቆይ። ብስክሌተኛው ጉድጓድ ወይም ኩሬ ለመሸሽ ድንገት ወደ ግራ ሊያዘነብል ይችላል። ጡሩንባም የተሠራው አደጋን ለማስቀረት ነው፤ ከፊት ያለውን ሰው ለማጣደፍ የሚነፋ ሰው ከሕጉ ውጭ ይጠቀምበታል፣ የሚያስደነግጠውም ብስክሌተኛ ወደየት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ አያውቅም።

አሁን ለእናንተ። ደብዳቤዎን የጻፉት በግልጽ ስለሆነ እኛም በግልጽ እንመልስልዎ፦ በባጃጅ ምክንያት የሚነሣው የመንገድ ላይ ጠብ አብዛኛው የሚጀምረው «ወራጅ አለ!» ከምትለዋ ጥሪ ነው። ተሳፋሪው ጮኸ፣ አሽከርካሪው ያለ ፍሬቻ ወደ ዳር ተጠምዝዞ ቆመ፣ ከኋላ ያለው በኃይል ፍሬን ያዘ፣ ከዚያ በኋላ ስድቡ ይከተላል። ተሳፋሪ በጠራበት ቦታ ሁሉ መቆም ግዴታዎ አይደለም። «ወንድሜ፣ ትንሽ ወረድ ብዬ ላውርድህ» ማለት ይቻላል፤ ሃያ ሜትር አልፎ፣ የመንገድ መገናኛውንና ዜብራውን ትቶ፣ ፍሬቻ አብርቶ መቆም ማንንም አይጎዳም። ከመነሣትዎ በፊትም ስፖኪዮውን ይዩ። ብዙ ባጃጆች የኋላ መብራታቸው የማይሠራ ወይም በጭቃ የተሸፈነ ነው፤ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት አንድ ጓደኛዎ ፍሬን ሲረግጡ ከኋላ ቆሞ መብራቱን እንዲያይልዎ ያድርጉ፣ ምክንያቱም የፍሬን መብራት የሌላት ባጃጅ ከኋላዋ ያለው ሰው ርቀት ቢጠብቅም እንኳን መቼ እንደምትቆም አትነግረውም።

የት ይሂድ ላሉት፣ በቀኙ መስመር ውስጥ በተረጋጋ ፍጥነት፣ ሳይዋዥቅ ይሂድ። ከዳር ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ዳር የሚመላለስ ባጃጅ ከኋላው ያለውን ሰው ያናድዳል፣ ብስክሌተኛውንም ያጋልጣል። መስመሩን ይዞ የሚሄድን ባጃጅ ግን ማንም ከመንገዱ ሊያባርረው መብት የለውም።

ጥያቄ፦ «ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። እኔ የወረታ ሰው ነኝ። ልጄ አይሱዙ ይነዳል፣ የፎገራን ሩዝ ወደ ባሕር ዳር ያመላልሳል። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሚኒባስ በክፉ ሁኔታ ቆርጦ ገባበት። ልጄም አባሮ ሐሙሲት አጠገብ መንገድ ዘጋበትና የጎማ መፍቻ ይዞ ወረደ። ሰው ገላገላቸው እንጂ ምን ሊሆን ነበር? ስጠይቀው ‹ናቀኝ› ይለኛል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤት ውስጥ ድምፁ አይሰማም። መሪ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። ሕጉ ምን ይላል? እኔስ ምን ልበለው?» (ከወረታ)

መልስ፦ አባታችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግመን አንብበነዋል። ሕጉን በመጀመሪያ እናስረዳ፤ ልጅዎም አብሮዎት ቢያነበው ደስ ይለናል።

የጎማ መፍቻ ይዞ በሰው ላይ መውረድ ብቻውን፣ ማንንም ሳይነካ፣ በዛቻ ሊያስጠይቅ ይችላል። ገፍቶ ወይም በጥፊ መትቶ ጉዳት ባያደርስም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 560 «የእጅ እልፊት» የሚባለው ወንጀል ይሆናል፤ የተመታው ሰው ከቆሰለ ደግሞ የአካል ጉዳት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጅዎ ምናልባት ቀላል አድርጎ የሚያየው ማባረሩና መንገድ መዝጋቱ ነው። በአንቀጽ 543 መሠረት እንደ አሽከርካሪ ያለ ሰው፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ እያለበት በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም በግልጽ የተደነገገን ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ተናዶ የሚያባርር ሰው ደንቡን የሚጥሰው ባለማወቅ ነው ማለት አይቻልም። ከዚህም አልፎ፣ ሕጋችን ቸልተኝነትና ሐሳብን ሲለይ፣ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የፈጸመን ሰው ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጥረዋል። ሰው የጫነ ሚኒባስን በአይሱዙ እየገፋ ከመንገድ ለማስወጣት የሚሞክር ሰው ሰው ሲሞት «አደጋ ነው» ብሎ ሊከራከር ቢፈልግ ዐቃቤ ሕጉ የሚመልስለት ይህንን ነው። መናደዱ ቅጣቱን ቢያቀልለት እንኳን ከጥፋተኝነት ነፃ አያወጣውም። የመኪናው ባለቤትም አይተርፍም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል።

አሁን «ናቀኝ» ወዳለው እንምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ያለ ይመስለናል። በእኛ ዘንድ ሰው ከመጎዳቱ ይልቅ መናቁ ይብስበታል። ከፊት ቆርጦ የገባ ሰው ቤት ውስጥ ተሰብስበው ሲበሉ እጁን ሳይታጠብ መሶቡን እንደደፈረ እንግዳ ይታያል፤ ልጅዎ የተሰማው ይህ ነው። ነገር ግን የሚኒባሱ አሽከርካሪ ልጅዎን አያውቀውም። በማን ልጅ ፊት ቆርጦ እንደገባ፣ ማን ምን እንደጫነ አላየም፤ ያየው የአይሱዙ ጀርባና ከፊቱ ያለውን ክፍት ቦታ ነው። የሠራው ጥፋት እውነተኛ ጥፋት ነው፣ አደገኛም ነው። ንቀት ለማለት ግን ሰው ሰውን አውቆ ማቃለል አለበት፣ እዚያ መንገድ ላይ ሁለቱ አልተዋወቁም። ይህን ልጅዎ ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ከመኪና ወርዶ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ ሲሰማው እንደሚቀበለው ተስፋ እናደርጋለን፤ መሪ በያዘበት ሰዓት ግን አይነገርም።

ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ መንገድ ላይ የሚለወጥበት ሌላም ምክንያት አለ፣ እርሱን አባት ሊያስተካክለው ይችላል። ልጅዎ የሚከፈለው በቢያጆ፣ ማለትም በምልልሱ ቁጥር ነው? ሌሊት ጭኖ ንጋት ላይ እንዲያደርስ ይታዘዛል? ጫት እየቃመ እንቅልፍ ያጠፋል? እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ አስቀድሞ ያልቃል፣ የሚያየውም ይጠብባል። ከወረታ ባሕር ዳር ያለውን 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአማካይ 60 የሚነዳ ሰው በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ በ70 የሚነዳው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ያተርፋል። ለዘጠኝ ደቂቃ ብሎ የሚያጣድፈው ባለ መኪና ካለ፣ ሄደው ማነጋገር ያለብዎት ያንን ሰው ነው፤ አንቀጽ 2081ን ቢጠቅሱለት ይሰማዎታል። የፎገራ ሜዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ አሽከርካሪን ለፍጥነት ይጋብዛል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከብት፣ አህያና እግረኛ በዚያው መንገድ ይወርዳሉ፤ ከፊት ያለው መኪና ድንገት የሚይዘው ፍሬን ብዙ ጊዜ ለእነርሱ ነው።

ለልጅዎ የሚነግሩት አንድ ተግባር ብቻ ይሁን፣ ብዙ ምክር አይያዝም። ሰው ቆርጦ ሲገባበት እግሩን ከነዳጁ ላይ ያንሣ፣ ሚኒባሱ ይሂድለት፣ ደሙ ከፈላ ደግሞ ከመንገዱ ወጥቶ ያቁምና ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይዙር። ጎማዎቹን ዞሮ፣ ጭነቱን አይቶ፣ ውኃ ጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሚኒባሱ ርቋል፣ ልቡም ተመልሷል። የጎማ መፍቻውንም ከወንበሩ ሥር አንሥቶ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠው። ሣጥኑን ለመክፈት የሚፈጀው ጊዜ ለማሰብ ይበቃዋል።

ከሚኒባሱ አሽከርካሪ ጋር ያለው ነገር ገና ያልበረደ ከሆነ ሽማግሌ ይላኩ። በመንገድ ላይ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው፣ ነገ ደግሞ ይገናኛሉ። በተበዳይ አቤቱታ የሚታዩ ጥፋቶች በዕርቅ ማለቅ ይችላሉ፤ ቂም ይዞ በዚያ መንገድ መመላለስ ግን ለሁለቱም፣ ይልቁንም ለሚኒባሱ ተሳፋሪዎች፣ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ «የጓደኛዬ ሚዜ ነኝ። ሰርጉ በጥር ነው። ከሙሽራይቱ ቤት ተነሥተን በጣና ዳር ዞረን ወደ አዳራሹ እንሄዳለን። አጀቡ እንዳይቆራረጥ ተጠግታችሁ ንዱ ተብለናል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ምን ይመከራል?» (ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። በአጀብ ውስጥ ተጠግቶ መንዳት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም አንድ መኪና ብቻ ፍሬን ሲይዝ ከኋላ ያሉት ሁሉ በየተራ ይጋጫሉ፣ አሽከርካሪዎቹም ዓይናቸው በመንገዱ ሳይሆን በሙሽሮቹ ላይ ነው።

አጀብ የሚቆራረጠው መንገዱን የሚያውቀው የመጀመሪያው መኪና ብቻ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት አሽከርካሪዎቹን በሙሉ ሰብስባችሁ መንገዱን፣ የምትቆሙባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎችና አዳራሹን ንገሯቸው። አንዱ በቀይ መብራት ቢቀር መብራት ጥሶ አይከተል፤ የቀደሙት አልፈው ሰፊ ቦታ ላይ ይጠብቁት። አጀብ ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ሕግ የለም፤ ቅድሚያ ያላቸው አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪናን የመሳሰሉ ናቸው፣ ከኋላችሁ አምቡላንስ ቢመጣ አጀቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይጠጋ። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳት ለሰርግ ቢለመድም ወደየት እንደምትታጠፉ ስለሚሸፍን ባይደረግ ይሻላል። የካሜራ ባለሙያው በመስኮት ወይም በተከፈተ የኋላ በር ተንጠልጥሎ እንዲቀርጽ አትፍቀዱለት፤ ጣና ዳር ቆማችሁ ይቅረጽ፣ ሥዕሉም ይሻላል። በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አጠገብ ካለፋችሁ ጡሩንባውም ዘፈኑም ይቁም።

የመጨረሻውን መኪና ደግሞ በዕድሜ ለበሰለና ረጋ ላለ አሽከርካሪ ስጡት፤ ያልጠጣና በሰርጉ ላይም የማይጠጣ ይሁን። ሙሽሮቹን የያዘውም እንዲሁ። የተቀሩት በመካከላቸው ሁለት ሰከንድ ጠብቀው ይከተሉ፣ በመሀል ባጃጅ ወይም ብስክሌት ቢገባ አያባርሩት፣ እስኪያልፍ ይጠብቁት። ሰው ቢጎዳ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ቁጥሩ በሁሉም አሽከርካሪዎች ስልክ ላይ አስቀድሞ ይመዝገብ።